ሥራ የፈቱት ዲስኮች

በ1990ዎቹ መጨረሻና በ2000ዎቹ መጀመሪያ የኔትወርክ ማከማቻ ሰርቨር የሚያስተዳድር ሰው ጠዋት ቢሮ ሲገባ፣ ኢሜይሉን እንኳ ሳይከፍት የሚያጣራው አንድ ነገር ነበር፦ ስንት ተጠባባቂ ዲስክ እንደቀረው። (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ሰርቨሩ ኔትአፕ የተባለው ኩባንያ ሥሪት ከሆነ ትእዛዙ «ቮል ስታተስ» ብሎ ሰረዝና «ኤስ» መጨመር ብቻ ነው። መልሱም አጭር ነው፤ ለእያንዳንዱ ተጠባባቂ አንድ መስመር ይመጣል። መስመሩ ላይ የዲስኩ አድራሻ፣ የተሰካበት መደርደሪያና ሁለት መጠኖች ይነበባሉ፤ አንዱ ዲስኩ በአካል ያለው፣ ሌላው ሰርቨሩ የሚጠቀምበት ነው። 36 ጊጋባይት ተብሎ የተገዛው ዲስክ እዚያ ላይ 34500 ሜጋባይት ሆኖ ይገኛል። «የቀረው የት ሄደ?» የሚል አዲስ ሠራተኛ አይጠፋም ነበር። አብዛኛው የአቆጣጠር ልዩነት ነው፤ ፋብሪካው በ1000 ሲቆጥር ማሽኑ በ1024 ይቆጥራል። ትንሿን ትራፊ ግን ሰርቨሩ ሆን ብሎ ይቆርጣታል። ከተለያዩ ፋብሪካዎች የሚመጡ ዲስኮች በጥቂት ሜጋባይት ስለሚበላለጡ ሁሉንም በአንድ ልክ ካላደረጋቸው፣ አንዱ ሲሞት ሌላው ለጥቂት አንሶ ሳይተካው ሊቀር ይችላል።

ሁለት መስመር ከታየ ቀኑ ሰላም ነው። አንድ ብቻ ከሆነ ለሻጩ ስልክ ይደወላል። ምንም ካልመጣ ያን ቀን ሌላ ሥራ የለም።

ፍርሃቱ ምክንያት ነበረው። በእነዚያ ሰርቨሮች ላይ ዲስክ ሞቶ የሚተካው ከታጣ ሰዓት መቆጠር ይጀምራል። ከፋብሪካው የተቀመጠው ገደብ 24 ሰዓት ነበር። እስከዚያ ተተኪ ካልተሰካ ሰርቨሩ ራሱን ያጠፋል። ፋይሉ ከፊቱ ለጠፋበት ሠራተኛ ይህ ጭካኔ ነው። ማሽኑን የሠሩት ሰዎች ግን የራሳቸው ስሌት ነበራቸው፦ የተዘጋ ሰርቨር ነገ ይከፈታል፤ ሁለተኛ ዲስክ ከሞተ ግን የሚመለስ ነገር የለም። አስተዳዳሪው ከፈለገ ገደቡን ማራዘም ይችላል። ዓርብ ማታ አንድ ዲስክ ሞቶ ቅዳሜ ማታ ቢሮው ሁሉ ጨለማ እንዳይሆንበት ያራዘመ ብዙ ነው። ያራዘመ ሰው ደግሞ ሰኞ እስኪደርስ እንቅልፍ በዓይኑ አይዞርም።

የዚህ ጭንቀት ሥር አንድ ቀላል የማካፈል ስሌት ነው። በ1988 ቺካጎ በተደረገ የዳታቤዝ ምሁራን ጉባኤ ላይ ዴቪድ ፓተርሰን፣ ጋርት ጊብሰንና ራንዲ ካትዝ የተባሉ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ተመራማሪዎች አንድ ጽሑፍ አቀረቡ። በዚያ ዘመን የትልልቅ ኮምፒውተሮች መመኪያ የነበረው የአይቢኤም 3380 ዲስክ የሳህኖቹ ስፋት 14 ኢንች ሲሆን 7500 ሜጋባይት ይይዝ ነበር። ለግል ኮምፒውተር የተሠራው የኮነር ሲፒ3100 ደግሞ 3.5 ኢንች ሆኖ 100 ሜጋባይት ይይዛል። 75 ትንንሾች አንዱን ግዙፍ በመጠን ይተኩታል። ተመራማሪዎቹ ርካሾቹን ዲስኮች አሰልፎ ማሠራት እንደሚያዋጣ አሳዩ፤ እንከኑንም አልደበቁም። አንድ ዲስክ በአማካይ 30,000 ሰዓት ይሠራል ከተባለ፣ 100 ዲስኮች አንድ ላይ ሲደረደሩ በየ300 ሰዓቱ አንድ ይሞታል፤ ሁለት ሳምንት አይሞላም። ትርፍ ዲስክ ከሌለ ሐሳቡ ራሱ አይቆምም። ሬይድ የሚባለው አሠራር ስሙን ያገኘው ከዚያ ጽሑፍ ነው፤ ጽሑፉ አሠራሩን በአምስት ደረጃ ከፍሎ አቀረበው።

በአራተኛው ደረጃ አንድ ዲስክ ለማካካሻ ብቻ ይመደባል። የሙያው ሰዎች ፓሪቲ ይሉታል። ማሽኑ የሚጠቀመው ኤክስኦር የሚባለውን የቢት ስሌት ቢሆንም ሐሳቡን በመደመር ማየት ይቻላል። በሦስት ዲስኮች ላይ 4፣ 7 እና 5 ቢጻፍ የፓሪቲው ዲስክ 16 ይይዛል። 7ን የያዘው ሲሞት ከ16 ላይ 4 እና 5 ይቀነሱና 7 ተመልሶ ይገኛል። ተጠባባቂው ዲስክ የሚፈለገው ይኼኔ ነው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንኳ፣ ሰው ሳይነካው፣ ሰርቨሩ የጠፋውን እያሰላ በእሱ ላይ ይጽፋል።

ቦታ ጠቦ አዲስ ዲስክ መጨመር ሲያስፈልግስ? ዲስኩ ከዳር እስከ ዳር ዜሮ ከተጻፈበት 4፣ 7፣ 5 እና 0 ሲደመሩ ያው 16 ነው። ፓሪቲውን እንደገና ማስላት አያሻም፤ ዲስኩ በሰከንዶች ውስጥ ይገባል። ከአንዳንዱ ተጠባባቂ ጎን «ዜሮ አልተደረገም» የሚል ማስታወሻ የሚታየው ለዚህ ነበር። ከፈረሰ ቮልዩም፣ ማለትም እንደ አንድ ማከማቻ ከሚሠራ የዲስኮች ስብስብ፣ የተረፈ ዲስክ አሮጌ ጽሑፉን ይዞ ይመጣል። የሞተን ለመተካት ሲሆን ከላይ እስከ ታች ስለሚጻፍበት ግድ የለም፤ ለማስፋት ሲሆን ግን መጀመሪያ መጽዳት አለበት፤ ጽዳቱም ሰዓት ይበላል። ሠራተኛው ሁሉ «ቦታ አልቋል» እያለ ሲጮህ ያንን ሰዓት መጠበቅ ማለት ምን ማለት እንደሆነ የደረሰበት ያውቀዋል። ስለዚህ ልምድ ያለው አስተዳዳሪ በሰላሙ ቀን ሁሉንም አጽድቶ፣ ከሜዳው ዳር አሟሙቆ እንደሚቆም ተጠባባቂ ተጫዋች ዝግጁ ያደርጋቸው ነበር።

ይህን የዜሮ ዘዴ ለገበያ ያበቁት ኔትአፕን በ1992 ካሊፎርኒያ ውስጥ የመሠረቱት ዴቭ ሂትዝ፣ ጄምስ ላውና ማይክል ማልኮም ናቸው። በ1994 ሦስቱ የጻፉት የቴክኒክ ጽሑፍ ሲነበብ የዘመኑ ምኞት ልክ ፊት ለፊት ይታያል። ከዓላማዎቻቸው አንዱ «በአሥር ጊጋባይቶች የሚቆጠር» ትልቅ የፋይል ሥርዓት መደገፍ ነበር፤ ዲስክ በተጨመረ ቁጥርም ሥርዓቱ ሳይቆም እንዲያድግ ፈለጉ። ብዙ ሰው አራተኛውን የሬይድ ደረጃ የሚሸሸው እያንዳንዷ ጽሑፍ ያንን አንድ የፓሪቲ ዲስክ ስለምትነካና ወረፋ ስለሚፈጠር ነው። እነሱ ዋፍል ብለው የሰየሙት የፋይል ሥርዓት ግን የሚጻፈውን አጠራቅሞ፣ ባዶ በሆነው ሥፍራ ሁሉ በአንድ ጊዜ ስለሚያሰፍረው ወረፋው ቀለለ። አምስተኛው ደረጃ ፓሪቲውን በሁሉም ዲስኮች ላይ ስለሚበትነው ዲስክ መጨመር የተበተነውን ሁሉ መልሶ መደልደል ይጠይቃል። በአራተኛው ላይ አንድ ዜሮ የሆነ ዲስክ ጨምሮ መሄድ ይቻላል።

ይቻላል ማለት ግን ይመከራል ማለት አልነበረም። ሞልቶ ሊፈስ በደረሰ ቮልዩም ላይ አንድ ዲስክ ብቻ የጨመረ ሰው በማግሥቱ ስልኩ አያርፍም። አሮጌዎቹ ዲስኮች ክፍት ቦታ ስለሌላቸው አዲስ የሚጻፈው ሁሉ አዲሱ ላይ ያርፋል፤ አዲስ የተጻፈ ፋይል ደግሞ በብዛት የሚነበበው እሱ ነው። ስምንት ዲስኮች ተቀምጠው ዘጠነኛው ብቻ ይቃጠላል። «ዲስክ ጨምረን ፍጥነቱ ቀነሰ» የሚለው አቤቱታ ለአለቃ የሚገባ አልነበረም። መፍትሔው ሳይሞላ በፊት ሦስት አራት አድርጎ መጨመር ነው። ለዚያ ደግሞ ሦስት አራት ሥራ ፈት ዲስክ በእጅ መኖር አለበት፤ ሥራ ፈት ዲስክ እንዲገዛ የሚፈርም የፋይናንስ ኃላፊ ማግኘት ደግሞ ሌላ ጣጣ ነበር።

የቮልዩም አደላደል ዋናው ፈተና የሚታየው ባለ 14 ዲስኩ መደርደሪያ ላይ ነው። በዚያ ዘመን ቮልዩም ማለት የተቆጠሩ ሙሉ ዲስኮች ማለት ነበር። ግማሽ ዲስክ ለዚህ፣ ግማሽ ለዚያ የለም። መጀመሪያ አንድ ለተጠባባቂነት ይነሳል። ከዚያ ሁለት ዲስክ ለሰርቨሩ የራሱ ሥርዓት ይሰጣል፤ አንዱ ለመረጃ አንዱ ለፓሪቲ። ጥቂት መቶ ሜጋባይት የማይሞላ ሶፍትዌር በ36 ጊጋባይት ዲስክ ላይ ብቻውን ይንፈላሰሳል። «ይህ ብክነት ነው» የሚሉና «ዋናው ቮልዩም ሲታመም ሰርቨሩ የሚነሳበት ለብቻው ጤነኛ ይሁን» የሚሉ ወገኖች ተከራክረው አይግባቡም ነበር። ቢለያይ ይሻላል የሚለው ከረታ 11 ይቀራል። አምስቱ ለሠራተኞች የግል ፋይል ሲሰጥ አራቱ መረጃ፣ አንዱ ፓሪቲ ይሆናል። ስድስቱ ለዳታቤዝ ሲሆን አምስቱ መረጃ፣ አንዱ ፓሪቲ ነው። ከተገዛው 14 ዲስክ ውስጥ ለሰው ሥራ የዋለው 9 ብቻ ነው ማለት ነው።

ለምን ሁሉም በአንድ ቮልዩም አይገባም? አንዱ ምክንያት ስናፕሾት ነበር። ሰርቨሩ በየሰዓቱና በየሌሊቱ የቮልዩሙን መልክ እንዳለ ይይዘዋል። በስህተት ፋይሉን ያጠፋ ሠራተኛ ማንንም ሳያስቸግር «አወርሊ.0» ወይም «ናይትሊ.0» የሚል ማኅደር ከፍቶ የሁለት ሰዓት ወይም የትናንት ፋይሉን ራሱ ይገለብጣል። የ1994ቱ ጽሑፍ እንደሚለው በአንድ ጊዜ እስከ 20 ስናፕሾት ማስቀመጥ ይቻል ነበር፤ ለዚህም ከቮልዩሙ 20 በመቶ ቦታ ቀድሞ ይያዛል። የጊዜ ሰሌዳው ግን ለቮልዩሙ በሙሉ አንድ ነው። ቀኑን ሙሉ ፋይሉን የሚያገላብጥ ዳታቤዝ ከሰው ፋይል ጋር ከተቀላቀለ የያዘውን አሮጌ ቅጂ ሁሉ ስናፕሾቱ ስለማይለቀው ቦታው በአጭር ጊዜ ያልቃል። ያኔ ሠራተኛው ፋይል ሲያጠፋ ይውላል፤ የቦታው መጠን ግን ንቅንቅ አይልም።

ሌላው ምክንያት ቢሮ ውስጥ ያለው ሽኩቻ ነው። መሐንዲሶቹ በጀታቸው የገዛው ዲስክ ለእነሱ ብቻ እንዲሆን ይፈልጋሉ፤ ሒሳብ ክፍል ደግሞ ፋይሉ ከሌላው ጋር እንዲቀላቀል አይወድም። ችግሩ አንዴ የተሰጠ ዲስክ ተመልሶ አለመምጣቱ ነው። ቮልዩም ማሳደግ በአንድ መስመር ትእዛዝ ያልቃል፤ ማሳነስ ግን አይቻልም። አንዱ ክፍል ከአምስት ዲስኮቹ የአንዱን ያህል እንኳ ሳይሞላ፣ ሌላው በጥበት ሲታነቅ እያዩ ማለፍ የተለመደ ነበር። ለመቀየር የፈለገ መረጃውን በሙሉ ሌላ ሥፍራ ገልብጦ፣ ቮልዩሙን አፍርሶ፣ ዲስኮቹን ዜሮ አድርጎ እንደገና መገንባት አለበት። ለዚያ የሚሆን ባዶ ሥፍራ ያለው ሰው ደግሞ መጀመሪያውኑ ችግር የለበትም። ስለዚህ ሰርቨሩ በተገዛ ቀን የተደረገው ድልድል ብዙ ጊዜ ሰርቨሩ እስኪጣል ይቆያል። ከዓመታት በኋላ የመጣ አስተዳዳሪ የቮልዩሞቹን ዝርዝር ዓይቶ ያኔ የትኛው ክፍል ገንዘብ እንደነበረው ማወቅ ይችል ነበር።

ተጠባባቂውም ቢሆን ለሁሉ አይሆንም። የዲስክ ትውልድ በተቀያየረ ቁጥር ተጠባባቂውም ይባዛል። 36 ጊጋባይቱ የ72ቱን ቦታ አይሞላም። 72ቱ በ36ቱ ቦታ ይገባል፤ ግን ወደ ትንሹ ልክ ይቆረጥና ግማሹ ይባክናል። ሁለት ሰርቨሮች ጥንድ ሆነው አንዱ ሲወድቅ ሌላው እንዲረከብ ሲደረግ ደግሞ እያንዳንዱ የራሱ ተጠባባቂ ያስፈልገዋል። አንደኛው ሦስት ሥራ ፈት ታቅፎ ሌላው ባዶ እጁን ሊሆን ይችላል።

የሞተውን ነቅሎ ማውጣቱም እንደሚባለው ቀላል አልነበረም። ሰርቨሩ «8.23 ሞቷል» ይላል። 8 የተሰካበት ካርድ ነው፤ 23 የዲስኩ መለያ። የመጀመሪያው መደርደሪያ መለያዎች ከ16 ስለሚጀምሩ 23 ማለት 7 ቁጥር ቀዳዳ ነው። ቀዳዳዎቹ ደግሞ ከዜሮ እስከ 13 የሚቆጠሩት ከቀኝ ወደ ግራ ነው። እንደ ጽሑፍ ከግራ፣ ከዜሮ ጀምሮ 7 ብሎ የቆጠረ ሰው እጁ የሚያርፈው 6 ቁጥር ላይ ነው፤ ያ ደግሞ ጤነኛው ጎረቤት ነው። አንድ ሞቶ ገና ባልተተካበት ሰዓት ጤነኛውን መንቀል በአንድ ፓሪቲ ለሚኖር ቮልዩም ሁለተኛ ሞት ስለሆነ ሰርቨሩ ያኔውኑ ይወድቃል። ስለዚህ ጠንቃቃው ቁጥሩን አያምንም፤ የብልሽት መብራቱ የበራበትን ይፈልጋል፤ ካልበራ በትእዛዝ ያበራዋል። ከዚያ እጀታውን ስቦ ዲስኩን በጥቂት ሳንቲሜትር ብቻ ያላቅቀውና ይቆማል። በደቂቃ 10,000 ጊዜ ሲሾሩ የነበሩት ሳህኖች እስኪያርፉ ግማሽ ደቂቃ ያህል ይጠብቃል። ጣቱ ላይ ያለው ንዝረት ሲቆም ያወጣዋል።

በ2004 የመጣው ለውጥ ይህን ድልድል ከሥሩ ነቀለው። ኔትአፕ ዲስኮቹን ሁሉ አግሪጌት በሚባል አንድ ቋት ሰብስቦ ቮልዩሞቹን በላዩ ላይ እንዲንሳፈፉ አደረገ። ፍሌክስቮል የተባለው አዲሱ ቮልዩም ያድጋል፤ ያንሳልም። በዚያው ዓመት የኩባንያው ተመራማሪዎች ሁለት ዲስክ ተከታትሎ ቢሞት መረጃውን የሚያተርፍ የድርብ ፓሪቲ ስሌት አሳተሙ። ያው 14 ዲስክ እንደገና ይቆጠር፦ አንድ ተጠባባቂ፣ ሁለት ፓሪቲ፣ አሥራ አንድ መረጃ። ከ9 ወደ 11 አደገ፤ ጥበቃውም በረታ። ሥርዓቱ የሚነሳበት ቮልዩም በዚያው ቋት ውስጥ የሚገባውን ያህል ብቻ ይይዛል። ከሁሉ በላይ ዳታቤዙ በአምስት ዲስክ ሲንገላታ የሰው ፋይል አራት ዲስክ ታቅፎ የሚያንቀላፋበት ነገር ቀረ፤ ማንም ይጠይቅ ማን አሥራ አንዱም ያገለግሉታል። በቀጣዩ ዓመት ሰን ማይክሮሲስተምስ ኮዱን ለሕዝብ የለቀቀው ዜድኤፍኤስም በተመሳሳይ የጋራ ቋት ሐሳብ ላይ የቆመ ነበር።

ድርብ ፓሪቲ ቅንጦት እንዳልነበር ያሳዩት ደግሞ በ2007 የወጡ ጥናቶች ናቸው። ከ1988ቱ ሦስት ጸሐፊዎች አንዱ ጋርት ጊብሰን፣ ያኔ ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ነበር፤ ከቢያንካ ሽሮደር ጋር ወደ 100,000 የሚጠጉ ዲስኮችን ታሪክ መረመረ። ፋብሪካዎች በአማካይ አንድ ሚሊዮን ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ይሠራሉ ይሉ ነበር፤ ከመቶ ዓመት በላይ ማለት ነው። በዚያ አባባል በዓመት ከመቶ ዲስክ አንድ እንኳ አይሞትም። ጥናቱ ያገኘው ግን በብዙ ቦታ ከመቶ ከሁለት እስከ አራት፣ በአንዳንዱ እስከ 13 በዓመት እንደሚቀየር ነው። አንዱ ሲሞት ሌላው በቅርብ ቀን የመከተሉ ዕድልም ከተለመደው ስሌት ይበልጥ ነበር። አንድ ተጠባባቂ ይበቃል ብሎ የፈረመ ሰው ያኔ ወረቀቱን ደግሞ ሳያየው አልቀረም።

ዲስኩ እየሰፋ ሲሄድ ተጠባባቂውን የመሙላት ሥራም ተለወጠ። 9 ጊጋባይት ዲስክ በሰከንድ 10 ሜጋባይት ቢጻፍበት በ15 ደቂቃ ይሞላል። 20 ቴራባይቱን በሰከንድ 250 ሜጋባይት እንኳ ቢጽፉበት 22 ሰዓት ይፈጃል፤ ያውም ሌላ ማንም ካልነካው ነው። መጠኑ ከ2000 ጊዜ በላይ ሲያድግ ፍጥነቱ ያደገው 25 ጊዜ ነው። ጠባቡ በር አንድ ዲስክ ብቻውን የሚጻፍበት መሆኑ ነው። ስለዚህ በ2021 የወጣው ኦፕንዜድኤፍኤስ 2.1 ድሬይድ የሚባል አደላደል ይዞ መጣ። በዚህ አደላደል ለብቻው ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ዲስክ የለም። የአንድ ተጠባባቂ ያህል ባዶ ቦታ በሁሉም ላይ ይበተናል፤ አንዱ ሲሞት የቀሩት ሁሉ እያነበቡ ሁሉም ይጽፋሉ። ሥራ ፈት አልቀረም፤ ሥራ ፈትነቱን ግን ሁሉም ተካፍለውታል።

አስተዳዳሪው ቋቱን ሲፈጥር አንድ አጭር ሐረግ ይጽፋል፦ ስንት ፓሪቲ፣ በየቡድኑ ስንት የመረጃ ዲስክ፣ በጠቅላላው ስንት ዲስክ፣ ስንት የተበተነ ተጠባባቂ። ለ14 ዲስክ ቢሆን «ድሬይድ2፦8ዲ፦14ሲ፦1ኤስ» ሊል ይችላል። የመጨረሻዋ 1 በኋላ ወደ 2 አትቀየርም። ትንሽ ሆና ከተገኘች መረጃውን ሌላ ቦታ ገልብጦ፣ ቋቱን አፍርሶ እንደ አዲስ መጀመር ነው። ከ20 ዓመት በፊት በቮልዩም አደላደል ቢሮው የተጨቃጨቀበት ሰው ዛሬ ይህቺን መስመር ሲጽፍ፣ «አንድ ይብቃ ወይስ ሁለት?» የሚለውን ክርክር የማስገቢያ ቁልፉን ከመጫኑ በፊት መጨረስ አለበት።